አስናቀች ወርቁ፡- የሴትን ገጸ ባሕርይ ለሴት ያስመለሱ ተዋናይት

በኢትዮጵያ ዘመናዊ ቴአትር ታሪክ እናት፣ ሙሽራም ሆነ ሠርታ አዳሪ ሴት መስለው ለረጅም ዓመታት መድረክ ላይ ይወጡ የነበሩት የሴት ልብስ የለበሱ ወንዶች ነበሩ። ይህን ልማድ በመስበር በቀዳሚነት የሚጠቀሱት አርቲስት አስናቀች ወርቁ ናቸው።

በ1920ዎቹ መገባደጃ በአዲስ አበባ የተወለዱት አስናቀች በ1940ዎቹ አጋማሽ «የፍቅር ጮራ» በተሰኘው ቴአትር ላይ በመተወን ትወናን ሙያቸው ያደረጉ የመጀመሪያዋ ሴት ለመሆን በቅተዋል። በወቅቱ በመድረክ ሥራ ራሷን የምታስተዳድር ሴት «አዝማሪ» እየተባለች ትናቅ ስለነበር ውሳኔያቸው በስምና በክብር ላይ ዋጋ የሚያስከፍል ነበር።

በ1948 ዓ.ም. ተመርቆ በተከፈተውና በኋላ ብሔራዊ ቴአትር በተባለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር በተዋናይነት፣ በድምፃዊነትና በክራር ተጫዋችነት ለዓመታት አገልግለዋል። ክራር እየደረደሩ ያዜሟቸው ሥራዎችም በ1990ዎቹ አጋማሽ «ኢትዮፒክስ» በተሰኘው፣ በፈረንሳይ በሚታተመው የሙዚቃ ስብስብ ውስጥ ተካተው ለዓለም አድማጭ ቀርበዋል።

አርቲስት አስናቀች በመስከረም 2004 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ዛሬ በመንግሥት ቴአትር ቤቶች በቋሚነት ተቀጥረው የሴትን ኑሮ በመድረክ የሚያሳዩ ተዋናይት ሴቶች የሚሄዱበትን መንገድ አስቀድመው የጠረጉት እርሳቸው ናቸው።