በሽተኞቹን የሰማው ዩንግ

ካርል ጉስታቭ ዩንግ እ.ኤ.አ. በ1875 በስዊዘርላንድ፣ ኬስቪል በምትባል መንደር ከፕሮቴስታንት ቄስ ተወለደ። ባዝል ከተማ ሕክምና ተማረ፤ በ1900 መጨረሻ ላይ ዙሪክ በሚገኘው የቡርግሆልዝሊ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሥራ ጀመረ።

ነርሲንግ ለምማረው ለእኔ የሕይወቱ ትልቁ ክፍል እዚህ ጋ ነው። በዚያ ዘመን ብዙ ሐኪሞች የበሽታውን ስም ከመዘገቡ በኋላ በሽተኛው የሚያወራውን ከቁም ነገር አይቆጥሩትም ነበር። ዩንግ ግን ቁጭ ብሎ ሰማ። አንድ ቃል ይጠራል፤ በሽተኛው ወዲያው የመጣለትን ቃል ይመልሳል፤ እሱ ሰዓት ይዞ ይለካል። መልሱ ከዘገየ፣ ቃሉ የሚያምም ነገር ነክቷል ብሎ ይጠረጥራል። (በአንድ ፈረቃ ስንት በሽተኛ እንደሚደርሰን ለምታውቁ፣ ይህ ትዕግሥት ያስቀናል።)

እየሰማ ሲሄድ በሽተኞቹ በቅዠታቸው የሚያወሩት ከጥንት አፈ ታሪኮች ጋር ተመሳሰለበት፤ ሁሉም ከመጽሐፍ ያገኙት ነው ብሎ ግን አላመነም። በኋላ አርኪታይፕ ያላቸው ከዚህ የመነጩ ናቸው፦ እናት፣ ጀግና፣ ጥበበኛ ሽማግሌ፣ አታላይ፣ ጥላ። ለእሱ የምንወርሰው የተሳለ ሥዕል ሳይሆን ባዶ ቅርጽ ነው፤ ሥዕሉን እያንዳንዱ ሕዝብ ከራሱ ይሞላበታል። አታላዩን እኛ ጦጣ አድርገን እንተርከዋለን። ጥላ ደግሞ በራሳችን ማየት የማንፈልገው፣ በሌላው ላይ የምንለጥፈው ማንነት ነው።

በ1907 ቪየና ውስጥ ከሲግመንድ ፍሮይድ ጋር ተገናኝተው 13 ሰዓት ያህል አወሩ፤ በ1913 ተለያዩ። ከዚያ ዩንግን የራሱ ራእዮች ያናውጡት ጀመር። አልሸሻቸውም፤ እየጻፈና እየሳለ በቀይ ቆዳ በተጠረዘ ትልቅ መጽሐፍ አሰፈራቸው። መጽሐፉ የታተመው ከሞተ ከ48 ዓመት በኋላ፣ በ2009 ነው።

በ1925 ወደ ኬንያና ኡጋንዳ ተጓዘ። ይህን ክፍል ሳነብ ተናደድኩ። የሰው ልጅ ሁሉ በጥልቁ አንድ ነው ያለ ሰው፣ አፍሪካውያንን ገና ያልበሰሉ አድርጎ ጻፈ። በ1934 ደግሞ፣ ናዚዎች ጀርመንን ይዘው እያለ፣ የአይሁድን አእምሮ ከሌላው ለይቶ የሚያበላልጥ ጽሑፍ አወጣ። ስለ ጥላ ያስተማረን ሰው የራሱን አላየም። ሐሳቡን አልጥልም፤ ይህን ደብቆ እሱን ማስተማር ግን ትክክል አይመስለኝም።

በስተርጅና ለተራ አንባቢ መጽሐፍ እንዲያዘጋጅ ሲጠየቅ እምቢ አለ። ከዚያ በሕልሙ በብዙ ሕዝብ ፊት ቆሞ ሲናገር፣ ሰዎቹም ሲረዱት አየ፤ ሐሳቡን ቀየረ። የራሱን ምዕራፍ ጨርሶ በ1961፣ በ85 ዓመቱ፣ ዙሪክ ሐይቅ ዳር ባለው ቤቱ አረፈ። መጽሐፉ በ1964 ወጣ።