የራሱን ደረት ያላስመረመረው ሐኪም

የሩሲያዊው ደራሲ የአንቶን ቼኾቭ ስም ሲነሣ አብዛኛው አንባቢ የሚያስታውሰው ቴአትሮቹንና አጫጭር ታሪኮቹን ነው። በሙያው ሐኪም እንደ ነበረና፥ ከሃያ አራት ዓመት ዕድሜው ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ የሳንባ ነቀርሳ ተሸክሞ እንደ ኖረ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው።

ቼኾቭ የተወለደው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1860 ዓ.ም. በአዞቭ ባሕር ዳር በምትገኘው በታጋንሮግ ከተማ ነው። አያቱ ከነቤተሰባቸው የባላባት ንብረት ሆነው ከኖሩበት ገባርነት ገንዘብ ከፍለው የወጡ ሰው ነበሩ። አባቱ ባለ ሱቅ ሲሆን በ1876 ከሰረና ከአበዳሪዎቹ ሸሽቶ ሞስኮ ገባ። አንቶን ግን ትምህርቱን ለመጨረስ በ16 ዓመቱ ወደ ኋላ ቀርቶ፥ የሰው ልጆች እያስጠና ሦስት ዓመት ራሱን አስተዳደረ። በ1879 በሞስኮ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪ ሆነ። ቤተሰቡንም ለመርዳት፥ ጫጫታ በማይለየው ጠባብ ቤት ተቀምጦ፥ በመስመር ቍጥር ለሚከፍሉ የቀልድ መጽሔቶች ይጽፍ ጀመር። ጸጥ ያለ ክፍል ካላገኘሁ ብዕር አላነሣም የሚል ጓደኛ ያላችሁ ይህን ንገሩት።

የሚጽፈውን ነገር ፍለጋ ሩቅ አልሄደም። በቴአትር ቤት ከፊቱ በተቀመጠ ሹም ራስ ላይ አነጥሶ፥ ይቅርታ ሲለምን ሲለምን በድንጋጤ የሞተ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ አለ፤ ይህን ታሪክ የሚያነብ የቢሮ ሰው ከሣቀ በኋላ ዙሪያውን ማየቱ አይቀርም። ልጁ ሞቶበት፥ ኀዘኑን የሚሰማው መንገደኛ አጥቶ፥ በመጨረሻ ለፈረሱ የሚነግር ባለ ጋሪም አለ። ደራሲው ኮሮሌንኮ እንደ ተረከው፥ ቼኾቭ አንድ ቀን ጠረጴዛ ላይ ያገኘውን የሲጃራ መተርኰሻ አንሥቶ፥ ቢፈለግ በማግሥቱ ስለዚሁ ዕቃ ታሪክ ጽፎ ሊያመጣ እንደሚችል ነግሮታል።

በ1884 ተመርቆ ሐኪም ሆነ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ደም ተፋ። ሮበርት ኮኽ የነቀርሳውን ተሕዋስ ካገኘ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር፤ የሚፈውሰው መድኃኒት የተገኘው ግን በ1940ዎቹ ነው። ወንድሙ ሠዓሊው ኒኮላይ በ1889 በዚሁ በሽታ ሞተ። ቼኾቭ የሌላውን ሰው ደረት ሲያዳምጥ እየዋለ የራሱን ለማንም አላስመረመረም። ይህን ጀግንነት ብቻ አድርገው የሚያወሩ አሉ፤ እኔ ግን ፍርሃትም ነበረበት እላለሁ። ምርመራው የሚያዝዝለት ዕረፍት እንጂ ፈውስ አልነበረም፤ ማረፍን ደግሞ አልፈለገም።

እንዲያውም በ1890 ሳይቤሪያን በፈረስ ጋሪና በመርከብ አቋርጦ፥ እስረኞች ወደሚጋዙባት ወደ ሳኻሊን ደሴት ሄደ። ሦስት ወር ያህል ከቤት ወደ ቤት እየዞረ የነዋሪውን ስም፥ ዕድሜና ኑሮ በሺህ በሚቈጠሩ ካርዶች መዘገበ፤ ስለዚያም መጽሐፍ ጻፈ። በ1892 ከሞስኮ ደቡብ በሜሊኾቮ መሬት ገዛ። በዚያው ዓመት የኮሌራ ወረርሽኝ ቢያሠጋ፥ የ25 መንደሮችን ጥበቃ ያለ ደመወዝ ተቀበለ። በአካባቢውም ለገበሬ ልጆች ሦስት ትምህርት ቤቶች አሠራ። ዛፍ ይተክላል፥ ዓሣ ያጠምዳል፤ ሁለት ውሾቹንም በመድኃኒት ስም ብሮምና ኪኒን ብሎ ሰየማቸው።

በ1897 በሞስኮ ምግብ ቤት ራት ላይ ሳለ ደም ከአፉ ጐረፈ። ሆስፒታል ተኝቶ ሐኪሞች መረመሩት፤ ከዚህ በኋላ መካድ አልተቻለም። ሞቃት አየር ፍለጋ በክሪሚያ ያልታ ቤት ሠርቶ፥ ድንጋያማውን ቦታ በገዛ እጁ አትክልት አደረገው። በ1901 ያገባት ተዋናይቱ ኦልጋ ክኒፐር በሥራዋ ምክንያት ብዙውን ጊዜ ሞስኮ ስለምትኖር፥ ትዳራቸው በደብዳቤ የሚኖር ሆነ። የመጨረሻ ቴአትሩን «የቼሪ አትክልት»ን ሲጽፍ ከድካሙ የተነሣ በቀን ከጥቂት መስመር የማያልፍበት ጊዜ ነበር። ዳይሬክተሩ ስታኒስላቭስኪ ኀዘን ነው ሲለው፥ ቼኾቭ ኮሜዲ ነው እያለ ይከራከር ነበር።

ቴአትሩ በ1904 ጥር በታየ በስድስተኛው ወር፥ ባደንቫይለር በምትባል የጀርመን ከተማ በ44 ዓመቱ ሞተ። አስከሬኑ ወደ ሞስኮ የተጓዘው ኦይስተር የሚባለው የባሕር ምግብ በሚጫንበት የባቡር ፉርጎ ነበር። በ1884፥ ደም በተፋበት ዓመት፥ ቼኾቭ ስለ ኦይስተር አንድ ታሪክ ጽፎ ነበር፤ ከሥራ ፈት አባቱ ጋር መንገድ ዳር ቆሞ የተራበ ልጅ፥ ሀብታሞች ለሣቅ ብለው ኦይስተር ሲያበሉት የሚያሳይ ነው።