ኮምፒውተርን የሰው ቋንቋ ያስተማረች ሴት

በዚህ ዕትም የሂሳብ ሪፖርት ሳይሆን የአንዲት ሴት ታሪክ ይዤላችሁ ቀርቤአለሁ።

ነገሩን ያነሣችብኝ በዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ የምትማር የአንዲት አባላችን ልጅ ናት። ለእረፍት ወደ መካነ ብርሃን መጥታ ቢሯችን ጎራ ባለች ጊዜ፣ ዘንድሮ ከምትማረው ሁሉ የከበዳት የኮምፒውተር ቋንቋ እንዴት እንደሚነደፍና እንዴት በሥራ ላይ እንደሚውል የሚያስተምረው ኮርስ መሆኑን አጫወተችኝ። እኔ በዲፕሎማ የተመረቅሁ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቁጥር አስገባለሁ፣ ድምሩን አወጣለሁ፤ ኮምፒውተሩ ትእዛዜን በምን ቋንቋ እንደሚሰማ ግን አስቤ አላውቅም ነበር። የዚህን ትምህርት መሠረት ከጣሉት አንዷ ሴት እንደሆነች፣ የደከመችውም እንደ እኔ ላሉ የቢሮ ሠራተኞች እንደሆነ ስሰማ ታሪኳን ፈልጌ አነበብሁ። ስሟ ግሬስ ሆፐር ነው። ዘመኖቹን የጻፍኋቸው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ግሬስ በ1906 በኒውዮርክ ከተማ ተወለደች። ለወላጆቿ ከሦስት ልጆች የመጀመሪያዋ ነበረች። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች የደወል ሰዓት እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ አንዱን ፈታችው። መልሳ መግጠም ሲያቅታት ሌላውን ፈታች፤ እንዲህ እያለች በቤት ውስጥ ያሉትን ሰባት ሰዓቶች በታተነቻቸው። እናቷ ነገሩን ሲያውቁ ጨርሰው አልከለከሏትም፤ ከእንግዲህ አንዱን ሰዓት ብቻ እንድትፈታ ፈቀዱላት።

ያኔ የሴቶች ኮሌጅ የነበረው ቫሳር በላቲን ቋንቋ ፈተና ውጤቷ ዝቅ በማለቱ መጀመሪያ ሳይቀበላት ቀረ። በዓመቱ ገባች። በ1928 በሂሳብና በፊዚክስ ተመረቀች፤ በ1934 ደግሞ ከዬል ዩኒቨርሲቲ በሂሳብ የዶክትሬት ዲግሪ አገኘች። በቫሳር ኮሌጅም መምህርት ሆና ለዓመታት አገለገለች።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ማስተማሩን ትታ ባሕር ኃይል መግባት ፈለገች። ዕድሜዋ ገፍቷል፣ ክብደቷም ከተወሰነው በታች ነው ተባለ። በልዩ ፈቃድ በ1943 መጨረሻ ገባች፤ ከሥልጠናውም አንደኛ ሆና ወጣች። የተመደበችው ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በነበረው ማርክ አንድ በተባለ የሂሳብ መኪና ላይ ነው። መኪናው ርዝመቱ 15 ሜትር ያህል ነበር፤ ትእዛዝ የሚቀበለውም በወረቀት ጥብጣብ ላይ ከተበሱ ቀዳዳዎች ነው። የአሠራር መመሪያውን ከ500 ገጽ በላይ አድርጋ የጻፈችው እሷ ናት።

ጦርነቱ ሲያበቃ ግን ኑሮ አልተቃናላትም። ትዳሯ በፍቺ ፈረሰ። በመደበኛው ባሕር ኃይል ለመቀጠል ብትጠይቅ ዕድሜሽ አልፏል ተባለች። በሃርቫርድም ቋሚ ቦታ አላገኘችም። የሕይወት ታሪኳን የጻፉ ሰዎች እንደሚሉት በእነዚያ ዓመታት መጠጥ ክፉኛ ጎድቷት ነበር። ይህን የማነሣው ስሟን ለማጉደፍ አይደለም። ዛሬ የምትታወቅበትን ሥራ የሠራችው ከዚያ ሁሉ በኋላ፣ ከአርባ ዓመቷ በላይ ሆና መሆኑን እንድናስተውል ነው። ሰው ወደቀ ተብሎ እንደማይጣል ከእኛ መካከል የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

በ1949 ፊላደልፊያ ውስጥ ዩኒቫክ የተባለውን ኮምፒውተር ይሠራ ወደነበረው ኩባንያ ገባች። በዚያ ዘመን ኮምፒውተርን ለማዘዝ ትእዛዙን ሁሉ በቁጥር መጻፍ ያስፈልግ ነበር። ሠራተኞቹ ቀድሞ የተጻፈን ትእዛዝ ከደብተር ወደ ደብተር ይገለብጣሉ፤ ሲገለብጡም ይሳሳታሉ። መዝገብ የገለበጠ ሰው ይህን ስሕተት ያውቀዋል። ግሬስ መገልበጡን ለምን መኪናው ራሱ አይሠራልንም ብላ አሰበች። ትእዛዞቹን በጥብጣብ ላይ አኖረች፣ ለየአንዳንዱ መጥሪያ ሰጠች፤ ኮምፒውተሩ የተጠራውን እየፈለገ በአንድ እንዲያገጣጥም በ1952 ፕሮግራም ሠራች። ኮምፓይለር የሚለው ስም ከዚህ መጣ፤ ትርጉሙ ሰብስቦ የሚያጠናቅር ማለት ነው። ኮምፒውተር ሂሳብ ከማስላት በቀር ሌላ አይችልም ብለው ብዙዎች አላመኗትም ነበር።

ዛሬ ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲ የሚማሩት ኮምፓይለር ከዚያ በእጅጉ የረቀቀ ነው። ልጅቱ ስታስረዳኝ የቆሎ ተማሪ ትዝ አለኝ። የቆሎ ተማሪ ፊደል ይቆጥራል፣ ንባብ ይለያል፣ ከዚያ ወደ ትርጓሜ ይሻገራል። ኮምፓይለርም መጀመሪያ የተጻፈውን በቃል በቃል ይለያል፤ ቀጥሎ ቃላቱ በሰዋስው ደንብ መደርደራቸውን ይመረምራል፤ በመጨረሻ መኪናው ወደሚያውቀው ቁጥር ይተረጉማል። አንድ ነጥብ ቢጎድል እንደ ቁጡ መሪጌታ መልሶ ያስነብባል።

ግሬስ በዚህ አላቆመችም። የሂሳብ ምልክት የሚወዱ ምሁራን እንዳሉ ሁሉ ምልክት የሚያስፈራቸው፣ ነገርን በቃል መጻፍ የሚመርጡ የንግድና የቢሮ ሠራተኞች እንዳሉ አስተዋለች። ከደመወዝ ላይ ግብሩን ቀንስ ብሎ በቃል የሚጽፍ ሰው ኮምፒውተሩ ሊሰማው ይገባል አለች። ሐሳቧን ለአለቆቿ ስታሳይ ያንኑ ፕሮግራም በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ ቃላት አዘጋጅታ አቀረበች። ለኮምፒውተሩ ሁሉም እኩል ነበር፤ ቃሉ ምልክት ነውና ምልክቱን መለወጥ ብቻ ነው። አለቆቿ ግን አሜሪካ ውስጥ የተሠራ ኮምፒውተር እንዴት በባዕድ ቋንቋ ይታዘዛል ብለው ደነገጡ። ሥራው እንዳይቀርባት በእንግሊዝኛ ብቻ ለመወሰን ተስማማች። ይህን ሳነብ ቆም ብዬ አሰብሁ። በአማርኛም ቢሆን ይቻል ነበር ማለት ነው።

ፍሎው ማቲክ የተባለው ቋንቋዋ ለሌላ ትልቅ ነገር መንገድ ከፈተ። በ1959 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና የኮምፒውተር አምራቾች ተሰብስበው በማንኛውም ኩባንያ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ አንድ የንግድ ቋንቋ እንዲነደፍ ወሰኑ። ኮቦል ተባለ። የነደፈው ኮሚቴ ነው፤ ሜሪ ሆውስና ጂን ሳሜት የተባሉ ሴቶችም ትልቅ ድርሻ አላቸው። ግሬስ አማካሪ ነበረች፤ ቋንቋው ግን ብዙውን ነገር የወረሰው ከፍሎው ማቲክ ነው። ኮቦል በባንክ፣ በኢንሹራንስና በመንግሥት የደመወዝ ሥራ ላይ ለአሥርተ ዓመታት አገልግሏል፤ እስካሁንም የሚሠሩበት አሉ።

ባሕር ኃይሉ በ1966 በጡረታ አሰናብቷት ነበር። የራሱ የኮቦል ፕሮግራሞች እርስ በርሳቸው አልጣጣም ሲሉት በዓመቱ ለስድስት ወር ብሎ መልሶ ጠራት፤ ስድስት ወሩ ወደ ሃያ ዓመት ሊጠጋ ደረሰ። በ1986 በ79 ዓመቷ በአድሚራል ማዕረግ ጡረታ ወጣች። በእርጅናዋ ዘመን ለወጣቶች ስታስተምር ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ያህል ቁራጭ ሽቦ ታድል ነበር፤ የኤሌክትሪክ መልእክት በሴኮንድ ቢሊዮንኛ ክፍል ከዚያ ርዝመት እንደማያልፍ በእጃቸው ይዘው እንዲረዱት ብላ ነው። በ1992 የመጀመሪያ ቀን በ85 ዓመቷ አረፈች።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። የማኅበራችን ሂሳብ የተያዘበት ፕሮግራም በእንግሊዝኛ ነው፤ የሚከፍተውም እኔ ብቻ ነኝ። ባለፈው ዓመት ወልጄ ቤት በተኛሁባቸው ሁለት ወራት፣ አባሎቻችን ገንፎ ሊጠይቁኝ ሲመጡ የቁጠባ ደብተራቸውንም በነጠላቸው ጫፍ ይዘው ይመጡ ነበር። ያጠራቀሙት ስንት እንደደረሰ የሚነግራቸው ሌላ ሰው አልነበረም። ያን ጊዜ እንደ መከበር ቆጥሬው ነበር። የግሬስን ታሪክ ካነበብሁ በኋላ ግን አፈርሁ። በእናቶች ላብ የተጠራቀመ ገንዘብ በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ሲቀመጥ አደጋ ነው፤ እኔ ብታመም ወይም ብሳሳት ማን ያርመኛል?

ስለዚህ ከሚቀጥለው ስብሰባችን ጀምሮ በየወሩ መጨረሻ የገቢና የወጪ መግለጫውን በአማርኛ፣ ገባ፣ ወጣ፣ ቀረ በሚሉ ቃላት አዘጋጅቼ በቢሯችን ግድግዳ ላይ እለጥፋለሁ። ሁለት አባላትም ፕሮግራሙን መክፈትና መዝጋት እንዲለምዱ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አስተምራለሁ። ፊደል ለይታችኋልና አንችልም አትበሉ፤ ፈቃደኛ የሆናችሁ ለሊቀመንበራችን ስማችሁን አስመዝግቡ። የተማሪዋ ልጅም በሚቀጥለው እረፍቷ መጥታ ልታግዘን ቃል ገብታለች።