ክሌመንት አትሊና የትምህርት ዕዳ

የአገራችን ሰው የተማረ ይግደለኝ ይላል። ይህ ምሳሌ ሕዝባችን ለትምህርት ያለውን ታላቅ ክብር ያሳያል። ነገር ግን የተማረው ሰው ያን ክብር ከተቀበለ በኋላ ለሕዝቡ ምን ይመልሳል ብለን ብንጠይቅ፥ መልሱ ሁልጊዜ የሚያስደስት አይደለም። እኛ የዘንድሮ ተመራቂዎች ይህን ነገር ስናስብ የአንድ እንግሊዛዊ ሰው ታሪክ ትምህርት የሚሰጥ ሆኖ ስላገኘነው፥ ለትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት በአጭሩ ልንጽፈው ወደድን። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ክሌመንት አትሊ በ1883 ዓ.ም. በለንደን፥ ፓትኒ በሚባለው ሰፈር ተወለደ። አባቱ በሕግ ሥራ የበለጸገ ሰው ነበረ፤ ከስምንቱ ልጆቹም ክሌመንት ሰባተኛው ነው። ልጁ ሄይሊበሪ በሚባል፥ ገንዘብ በሚከፈልበት አዳሪ ትምህርት ቤት ካደገ በኋላ በ1901 ወደ ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ታሪክ አጠና፤ በ1906ም የጥብቅና ፈቃድ አገኘ። ይህ በዚያ ዘመን ለእንግሊዝ ባለጸጎች ልጆች የተጠረገ ጐዳና ነበረ። ልጁ ከአዳሪ ትምህርት ቤት ወደ ኦክስፎርድ ወይም ወደ ካምብሪጅ፥ ከዚያም ወደ ፍርድ ቤት፥ ወደ ሚኒስቴርና ወደ ፓርላማ ይሻገራል። የሠራተኛው ልጅ ግን ገና ጢሙ ሳያቀመቅም ወደ ፋብሪካ ይገባል፤ ወይም ወደ ከሰል ጕድጓድ ይወርዳል። ስለዚህ ሕግ የሚያወጣውና ሕግ የሚወጣበት ሰው በአንድ አገር እየኖሩ አይተዋወቁም ነበር።

አትሊ ከዚህ ከተጠረገው ጐዳና የወጣው እንዲሁ በአጋጣሚ ነው። ሄይሊበሪ ትምህርት ቤት በምሥራቅ ለንደን፥ ስቴፕኒ በሚባለው የድኾች ሰፈር፥ ለልጆች የሚሆን ክበብ ነበረው። አትሊ በ1905 ከወንድሙ ጋር ሊጐበኘው ሄደ፤ እየዋለ እያደረም ሥራውን ወደደውና የክበቡ ኀላፊ ሆኖ ከዚያው ሰፈር ገብቶ ኖረ። በስቴፕኒም ሰው ድኻ የሚሆነው በስንፍናው ብቻ አለመሆኑን ተረዳ። ከመርከብ ጭነት የሚያወርደው ሠራተኛ ዛሬ ሥራ ቢያገኝ ነገ ያጣል፤ ያጣም ዕለት ልጆቹ ጦማቸውን ያድራሉ። አትሊ ይህን ሁሉ ምጽዋት ብቻ እንደማያድነው አምኖ በ1908 ከሠራተኞች ወገን ጋር ተሰለፈ። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በጋሊፖሊ ከተዋጋ በኋላ በ1916 በመስጴጦምያ ቈሰለ። ሰላም ሲሆንም ተመልሶ በ1919 የስቴፕኒ ከንቲባ፥ በ1922ም የፓርላማ አባል ሆነ።

የእርሱ ታሪክ ከእኛ አገር ታሪክ ጋር የሚገናኘው በ1935 ነው። በኦክቶበር 3 ቀን የፋሽስት ጦር ኢትዮጵያን ወረረ። በዚያው ሰሞን ሌበር የተባለው የሠራተኞች ፓርቲ በብራይተን ከተማ ተሰብስቦ በኢጣሊያ ላይ ማዕቀብ እንዲደረግ ወሰነ። የፓርቲው መሪ ጆርጅ ላንስበሪ ጦርነትን ፈጽሞ የሚጠላ ሰው ስለ ነበረ ውሳኔውን መቀበል አቅቶት ሥልጣኑን ለቀቀ፤ በእርሱም ፋንታ አትሊ መሪ ሆነ። በዲሴምበርም የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሙኤል ሆር ከፈረንሳዩ ከላቫል ጋር ተማክሮ ከኢትዮጵያ ግዛት ብዙውን ክፍል ለኢጣሊያ የሚያስረክብ ዕቅድ አሰናዳ። ነገሩ በጋዜጣ ተገልጦ ሕዝብ ስለ ተቈጣ ሆር ከሥልጣኑ ወረደ፤ አትሊም ያን ዕቅድ በፓርላማ ከተቃወሙት አንዱ ነበረ። ሆርም እንደ አትሊ በኦክስፎርድ የተማረ መሆኑን ልብ እንበል። እንግዲህ የዩኒቨርሲቲው ስም ብቻ የሰውን ሥራ አያቃናም።

በ1945 የሠራተኞች ፓርቲ በፓርላማ 393 መቀመጫ አግኝቶ አትሊ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። ከሚኒስትሮቹም መካከል በ11 ዓመቱ ከትምህርት ቤት የወጣው ኧርነስት ቤቪንና ቀድሞ የከሰል ማዕድን ሠራተኛ የነበረው አኑሪን ቤቫን ይገኙ ነበር። ይህ መንግሥት በ1946 የበሽተኛው፥ የሥራ አጡና የሽማግሌው መጦሪያ የሚሆን የመድን ሕግ አወጣ። በ1947 ልጆች ከትምህርት ቤት የሚወጡበትን ዕድሜ ከ14 ወደ 15 ከፍ አደረገ። በጁላይ 5 ቀን 1948ም ድኻና ሀብታም ሳይለይ ሰው ሁሉ በነጻ የሚታከምበት ድርጅት ተመሠረተ። ሌላም ነገር አለ። የዩኒቨርሲቲ ምሩቃን በየሰፈራቸው ከሚሰጡት ድምፅ በላይ ለዩኒቨርሲቲያቸው እንደራሴ የሚመርጡበት ሁለተኛ ድምፅ ነበራቸው። የአትሊ መንግሥት በ1948 ባወጣው ሕግ ይህን ሻረ። የኦክስፎርዱ ሰው የራሱን ወገን ብልጫ በገዛ እጁ ቈረጠ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ሥራው ጕድለት አልነበረውም ልንል አንችልም። ገንዘብ የሚከፈልባቸውን አዳሪ ትምህርት ቤቶች ሳይነካቸው ቀረ። በዘመኑም ልጆች በ11 ዓመታቸው ተፈትነው ጥቂቶቹ ወደ ከፍተኛ ትምህርት በሚያደርሰው፥ ብዙዎቹ ወደ ሥራ በሚወስደው ትምህርት ቤት ይመደቡ ነበር። ስለዚህ የቀድሞው ጐዳና ፈጽሞ አልተዘጋም። አትሊን ጨምሮ ከ1945 እስከ 2024 በእንግሊዝ ሥልጣን ከያዙት 18 ጠቅላይ ሚኒስትሮች 14ቱ በኦክስፎርድ የተማሩ ናቸው። ከእነርሱ አንዳንዶቹ ከዝቅተኛ ቤት ተነሥተው በችሎታቸው የደረሱ መሆናቸው እውነት ነው፤ ቢሆንም አንድ አገር መሪዎቹን ከአንድ በር ብቻ የሚቀበል ከሆነ፥ በሩን ያላዩት ሰዎች ችግር ከውስጥ ላሉት በግልጥ አይታያቸውም።

አትሊ በ1951 ከሥልጣን ወረደ፤ በኦክቶበር 8 ቀን 1967ም በ84 ዓመቱ ሞተ። ስድስት ዓመት ያህል ታላቅ አገር የገዛው ሰው ትቶት የሞተው ሀብት 7,295 ፓውንድ ብቻ ነበረ።

ውድ አንባቢዎች ሆይ፥ እኛስ? ከእኛ ጋር አንደኛ ክፍል ከገቡት ልጆች መካከል ስንቶቹ በየመንገዱ እንደ ቀሩ እናውቃለን። አንዳንዶቹ ከእኛ ይልቅ ብልሆች ነበሩ፤ ያስቀራቸው የቤታቸው ችግር እንጂ የአእምሮ ድካም አይደለም። ነገ ከእኛ አንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ባለሥልጣን ይሆን ይሆናል። ያን ጊዜ ዲፕሎማው ከእነዚህ ልጆች የሚለየን ግንብ እንዳይሆን እንጠንቀቅ። አትሊን ለድኻው እንዲሠራ ያደረገው ኦክስፎርድ መግባቱ ሳይሆን፥ ከኦክስፎርድ ወጥቶ ስቴፕኒ መግባቱ ነው። እኛም እያንዳንዳችን በየአገራችን አንድ ስቴፕኒ አለን፤ መንገዱንም አሳምረን እናውቀዋለን።