ሽፍታው ሙሴ መነኮሰ፤ ልማዱ ግን አብሮት ገዳም ገባ

ሙሴ ጸሊም ሲባል ብዙዎቻችን የምናውቀው ሽፍታ ነበር፣ ንስሐ ገባ፣ ቅዱስ ሆነ የሚለውን ነው። በቃ። እኛን ግን የገረመን በንስሐውና በቅድስናው መሃል ያለው ረጅም ጊዜ ነው። ታሪኩን እ.ኤ.አ. በ420 ገደማ የጻፈው በግብፅ በረሃ የኖረው ጳላዲዮስ ነው።

ሙሴ የአንድ ባለሥልጣን አገልጋይ ነበር። በሌብነቱ ተባረረና የወንበዴ አለቃ ሆነ። ሰው ገድሏልም ይባላል። (ኢትዮጵያዊ ይሉታል፤ ያኔ ግሪኮች በዚህ ስም የሚጠሩት ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ጥቁር ሕዝብ ሁሉ ነበር።) አንዴ ሌሊት ላይ የእረኛ ውሻ ጮኾ ሥራውን ስላበላሸበት ቂም ያዘ። ሰይፉን በጥርሱ ነክሶ፣ ልብሱን ራሱ ላይ አድርጎ፣ እረኛውን ሊገድል ዓባይን በዋና ተሻገረ። እረኛው አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ተረፈ። ሙሴ ግን ባዶ እጁን አልተመለሰም፤ አራት ምርጥ አውራ በግ አርዶ በገመድ እየጎተተ ወንዙን መልሶ ዋኘ። ሥጋውን በላ፣ በቆዳው ወይን ጠጅ ገዝቶ ጠጣ።

እንግዲህ አስቄጥስ በረሃ ገብቶ የመነኮሰው ይሄ ሰው ነው። የምሩን ነበር። አራት ሌቦች ማን እንደሆነ ሳያውቁ በዓቱ ሲገቡበት አራቱንም አስሮ እንደ ከረጢት ተሸክሞ ቤተ ክርስቲያን ወሰዳቸው፤ እሱ ከእንግዲህ ሰው መጉዳት ስለማይገባው ምን እንደሚደረጉ ወንድሞችን ጠየቀ። ሌቦቹ ያ ሙሴ መሆኑን ሲያውቁ እነሱም መነኮሱ።

የዝሙት ሐሳብ ግን አለቀቀውም። በሕልሙ ሳይቀር ይመጣበታል። ተስፋ ሊቆርጥ ሲል አባ ኤስድሮስ ጋ ሄደ። እሳቸውም የሥጋ ቤት ውሻን ምሳሌ አድርገው ነገሩት፤ አጥንት የለመደ ውሻ በአንድ ቀን አይቀርም፣ ሥጋ ቤቱ ተዘግቶ የሚጥልለት ሲያጣ ግን ተርቦ ይሄዳል።

ሙሴ ተመልሶ ራሱን መቅጣት ጀመረ። ምግቡ ደረቅ ዳቦ ብቻ፣ በቀን 50 ጸሎት። ስድስት ዓመት ሌሊቱን ቆሞ አደረ። አልሆነም። ከዚያ በየሌሊቱ እየዞረ የሽማግሌ መነኮሳትን እንስራ ውሃ መሙላት ያዘ። አንድ ሌሊት ጉድጓዱ አፍ ላይ ጎንበስ ሲል ጋኔን በዱላ ወገቡን መታው ይላል ጳላዲዮስ፤ ዓመት ሙሉ ታመመ።

ያኔ ነው አባ ኤስድሮስ በቃህ ያሉት። ከአጋንንት ጋር ግብግቡን እንዲተው፣ በኢየሱስ ክርስቶስ ስም ሕልሙ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እንደቆመ፣ ሳይፈራም እንዲቆርብ ነገሩት። ያን ያህል የተፈተነው በራሴ ጉልበት አሸነፍኩ ብሎ እንዳይመካ እንደሆነም ጨመሩለት። ለእኛ እንደሚመስለን ሙሴ ያን ሁሉ ዓመት ሽፍታውን ሲደበድብ ነው የኖረው፤ አባ ኤስድሮስ ግን የሚያወሩት ከመነኩሴው ጋር ነበር። ከሁለት ወር በኋላ ሲጠይቁት ደህና ሆኗል።

ኋላ ቄስ ሆነ፣ 70 ደቀ መዛሙርት አፈራ። ጥፋት ያጠፋ ወንድም ላይ ለመፍረድ ሲጠሩት የሚያፈስ ማሰሮ ተሸክሞ መጣ፤ የራሱ ኃጢአት ከኋላው እየፈሰሰ በሌላው ሊፈርድ እንደተጠራ ነገራቸው። ወንድምየውን ማሩት።

በ5ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወራሪዎች አስቄጥስን ሲመቱ ወንድሞችን ሽሹ አላቸው። እሱ ግን አልሸሸም። ሰይፍ የሚያነሣ በሰይፍ ይጠፋል የሚለው የክርስቶስ ቃል በእሱ ላይ እንዲፈጸም ብዙ ዓመት ሲጠብቅ ነበርና፣ አብረውት ከቀሩት መነኮሳት ጋር ተገደለ። አፅሙ ግብፅ፣ ዋዲ ናጥሩን፣ በራሙስ ገዳም አለ። ሰኔ 24 በእኛም አገር ይታሰባል።