ይድነቃቸው ተሰማ

ይድነቃቸው ተሰማ (መስከረም 1 ቀን 1914 – ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም.) ኢትዮጵያዊ የእግር ኳስ ተጫዋች፣ አሠልጣኝና የስፖርት መሪ ነበሩ። ከአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) መሥራቾች አንዱ ሲሆኑ፣ ከ1964 ዓ.ም. እስከ ዕለተ ሞታቸው በፕሬዚዳንትነት መርተውታል።

ተጫዋችነትና አሠልጣኝነት

ይድነቃቸው የተወለዱት በጅማ ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ ዝነኛ ገጣሚና ድምፃዊ ነበሩ። ይድነቃቸው በ1928 ዓ.ም. ለተመሠረተው ቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ለ23 ዓመታት በአጥቂነት ተጫውተው፣ በ365 ጨዋታዎች 318 ግቦችን እንዳስቆጠሩ ይነገራል። ለብሔራዊ ቡድንም ተሰልፈዋል። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ኢትዮጵያ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ አሠልጣኙ እሳቸው ነበሩ።

የስፖርት አመራር

ካፍ በየካቲት 1949 ዓ.ም. በካርቱም ሲመሠረት ይድነቃቸው ኢትዮጵያን ወክለው ተገኝተዋል። በዚያው የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ደቡብ አፍሪካ ነጮችና ጥቁሮች የተቀላቀሉበት ቡድን ለማሰለፍ ፈቃደኛ ባለመሆኗ ከውድድሩ ወጣች። ተጋጣሚዋ የነበረችው ኢትዮጵያ በቀጥታ ለፍጻሜ አልፋ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች።

ለ1958 ዓ.ም. የዓለም ዋንጫ ከ16ቱ ቦታዎች ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሽንያ በጋራ የተሰጠው አንድ ብቻ ነበር። ይድነቃቸውና የጋናው ኦሄኔ ጃን ይህን በመቃወም ተሟገቱ፤ የአፍሪካ አገሮችም ከማጣሪያው ወጡ። በቀጣዩ የ1962 ዓ.ም. ውድድር አፍሪካ የራሷን ቦታ አገኘች፤ ሞሮኮም ወክላት ተሳተፈች።

ይድነቃቸው የዓለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴ አባልም ነበሩ። በእነዚህ መድረኮች ሁሉ አፓርታይድ እስካልቀረ ድረስ ደቡብ አፍሪካ ከዓለም ስፖርት እንድትገለል ታግለዋል። ፊፋ በ1968 ዓ.ም. አገሪቱን ከአባልነት አስወገደ።

ኅልፈት

ይድነቃቸው በካንሰር ሕመም በ65 ዓመታቸው አረፉ። በካፍ ፕሬዚዳንትነት የካሜሩኑ ኢሳ ሃያቱ በ1980 ዓ.ም. ተመረጡ። ደቡብ አፍሪካ ወደ ዓለም አቀፍ እግር ኳስ የተመለሰችው በ1984 ዓ.ም. ሲሆን፣ በ1988 ዓ.ም. ነጮችና ጥቁሮች አብረው በተሰለፉበት ቡድን በሜዳዋ የአፍሪካን ዋንጫ አነሣች።