ቅድስት እናታችን ወለተ ጴጥሮስ

በሐዋርያት ዘመን ፌቤን ቤተ ክርስቲያንን እንዳገለገለች፥ በአገራችንም ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ አገልግላለች። አባትዋ ባሕር ሰገድ፥ እናትዋ ክርስቶስ ዕበያ ይባላሉ። ለዐፄ ሱስንዮስ ባለሟል ለመልክዐ ክርስቶስ ተድራ ሦስት ልጆች ወለደች፤ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱባት። በ1609 ዓ.ም. ጳጳሱ አቡነ ስምዖን ሲገደሉ ባልዋ የገዳዮቹ ወገን እንደ ነበረ ብታውቅ ትታው መነኰሰች። የመኳንንት ልጅ ስትሆንም እህል ትፈጭ፥ እንጨት ትሸከም ነበረች።

ንጉሡ በ1614 ዓ.ም. የሮማን ሃይማኖት በግልጥ ተቀበለ። እርስዋ ግን ሕዝቡ የአባቶቹን ሃይማኖት እንዳይለቅ፥ ካህናቱም በቅዳሴ የንጉሡን ስም እንዳይጠሩ አስተማረች። ካህናትን በሴት ቃል ማጽናት፥ ያውም በንጉሥ ላይ፥ ቀላል ነገር አልነበረም። በጉባኤ ቆማ ብትጠየቅ አልተመለሰችምና ሦስት ዓመት ወደ ዠበይ ተጋዘች። ግዞቱ ግን ለንጉሡ አልበጀውም፤ ወንዱም ሴቱም ተከትሎአት ስለ ሄደ የመጀመሪያው ማኅበርዋ በዚያው በረሓ ተመሠረተ። ኋላም ማኅበሮችዋ ሰባት ሆኑ። ክህነት ለሴት አልተሰጠምና ቅዳሴው የቀሳውስት ነበር፤ የማኅበሩ ሥርዐት ግን በእርስዋ ቃል ይፈጸም ነበር፤ ወንዶቹም መነኮሳት ይታዘዙአት ነበር።

በ1624 ዓ.ም. ሃይማኖት ተመለሰ። እርስዋም ኅዳር 17 ቀን 1635 ዓ.ም. ዐረፈች፤ ማኅበሩንም ባልንጀራዋ እኅተ ክርስቶስ ተረክባ አስተዳደረች።